ወለምታ ነው ወይስ ስብራት? የቁርጭምጭሚትና የእግር ጉዳት እንዴት ይመረመራል?



ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ታማሚ ይበዛል። ሾላ ገበያ ለበዓል ቅቤና በርበሬ ልትገዛ ወጥታ፣ በሁለት እጇ ፌስታል እንደያዘች ጭቃው ላይ እግሯ የታጠፈባት እናት። ኩንታል ተሸክሞ በድንጋይ መሀል ሲረማመድ ቁርጭምጭሚቱ የከዳው ወጣት። መገናኛ ላይ ታክሲው ሳይቆም ዘሎ ሲወርድ የወደቀ ተማሪ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ "ዶክተር፣ ተሰብሯል ወይስ ወለም ብሎኝ ነው?"

ብዙ ሰው የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ራጅ ላይ ብቻ ይመስለዋል። ግን አይደለም። ቁርጭምጭሚታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ከሚመጡ 100 ሰዎች ስብራት የሚገኝባቸው ብዙውን ጊዜ 15 እንኳ አይሞሉም። የቀሩት የጅማት ጉዳት ነው ያለባቸው፤ ጅማት ደግሞ ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ ራጁ "ንጹህ ነው" ተባለ ማለት እግሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ራጅ ሳይነሳ ሐኪም በእጁ መርምሮ "ስብራት የለም" ቢል ደግሞ ቸላ አለኝ ማለት አይደለም። ትክክለኛ ምርመራ የራሱ ሥርዓት አለው። ዛሬ እሱን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

📌 መጀመሪያ፦ ይህን ካያችሁ ምንም አትጠብቁ

ቀጥሎ ካሉት አንዱ ካለ ቤት ውስጥ መመርመር፣ ማሸት፣ "እስኪ ይደር" ማለት የለም። ወዲያው ሆስፒታል!

👉 አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ወይም የተጎዳው ቦታ ላይ የሚደማ ቁስል ካለ
👉 እግሩ ከቦታው የተጣመመ ወይም የዞረ ከመሰለ
👉 ጣቶቹ ከነጡ፣ ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ
👉 ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድና በየሰዓቱ የሚብስ ከሆነ፣ በተለይ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀና ሲያደርጋቸው የሚያስጮህ ከሆነ
👉 ከከፍታ የወደቀ ሰው ከሆነ

እግሩ ከተጣመመ እናንተ ለማቃናት አትሞክሩ። ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በትራስ ደግፉት፤ ቁስል ካለ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአደጋ ሕክምና ላይ የሚሠራው አቤት ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ እንዲህ ያለውን ጉዳት ያክማሉ። ዋናው ነገር ግን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ቶሎ መድረስ ነው።

📌 ትንሽ ስለ ቁርጭምጭሚት

ቁርጭምጭሚታችሁን ብትዳስሱ ግራና ቀኝ ሁለት ጉብታ ታገኛላችሁ። ውስጠኛው የትልቁ የቅልጥም አጥንት ጫፍ ነው። ውጨኛው ከጎኑ ያለው የቀጭኑ አጥንት ጫፍ ነው። እነዚህን ከእግር አጥንቶች ጋር አስረው የሚይዙት ጅማቶች ናቸው። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ሰፊና ጠንካራ ነው። በውጭ በኩል ያሉት ሦስቱ ቀጠን ይላሉ። ስለዚህ ውስጥ እግራችን ወደ ውስጥ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚጎዱት የውጮቹ ናቸው፤ ከእነሱም በብዛት የሚጎዳው ከውጨኛው ጉብታ ፊት ለፊት ያለው ነው። ወለምታ የምንለው በአብዛኛው ይሄ ነው።

📌 ደረጃ 1፦ መጠየቅ

ጥሩ ሐኪም እግሩን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። እናንተም ስትሄዱ መልሱን አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

✅ እግሩ ወደየት ታጠፈ? ወደ ውስጥ ከሆነ የውጭ ጅማቶች፣ እግሩ መሬት ላይ ተይዞ ሰውነት ከዞረ ደግሞ ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች የሚያያይዘው ጅማት ይጠረጠራል።
✅ "ቋ" የሚል ድምፅ ተሰምቷል? ይህ ብቻውን ስብራት ነው አያሰኝም፤ ጅማትም ሲበጠስ ይጮኻል።
✅ ልክ ከወደቃችሁ በኋላ መራመድ ችላችኋል? ይህ በጣም ወሳኝ ጥያቄ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን።
✅ ከዚህ በፊት ያው እግር ወለም ብሎት ያውቃል?
✅ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አለ? በቅርቡ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ አንቲባዮቲክ ወስዳችኋል? ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ የተረከዝ ጅማትን ሊያዳክም ስለሚችል ነው የሚጠየቀው።

📌 ደረጃ 2፦ ማየት

ሁለቱም ጫማና ካልሲ ይወልቃሉ። አዎ፣ የደህናውም እግር! ያለ ማወዳደሪያ እብጠት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ሐኪሙ እብጠቱ የት እንደሆነ፣ ቆዳው የት እንደጠቆረ፣ ቅርጹ እንደተለወጠ ያያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የእብጠቱ መጠን ስብራት መኖር አለመኖሩን አይናገርም። እንደ ሎሚ ያበጠ ወለምታ ሊሆን ይችላል፤ እምብዛም ያላበጠው ደግሞ ስብራት ሊሆን ይችላል። ውስጥ እግር ላይ፣ መሀል አካባቢ የጠቆረ ደም ከታየ ግን ትልቅ ምልክት ነው፤ የመሀል እግር አጥንቶችና ጅማቶች መጎዳታቸውን ይጠቁማል።

📌 ደረጃ 3፦ መዳሰስ

ዋናው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ የሚሠሩ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች፣ ማን ራጅ እንደሚያስፈልገውና ማን እንደማያስፈልገው ለመለየት ቀላል መመሪያ አወጡ። "የኦታዋ መመሪያ" ይባላል። ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል። ስብራት ያለበትን ሰው የሚስተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ የማያስፈልገውን ራጅ ደግሞ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ገንዘብም፣ ወረፋም፣ ጨረርም ቀነሰ ማለት ነው።

መመሪያው እንዲህ ነው። የቁርጭምጭሚት አካባቢ ሕመም ኖሮ ከሚከተሉት አንዱ ካለ የቁርጭምጭሚት ራጅ ያስፈልጋል፦

1️⃣ የውጨኛው ጉብታ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፉ አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ካመመ። ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይዳሰሳል።
2️⃣ የውስጠኛው ጉብታም እንዲሁ።
3️⃣ ልክ በተጎዳበት ሰዓትም፣ አሁን ሲመረመርም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ።

ሕመሙ መሀል እግር አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ካለ የእግር ራጅ ይታዘዛል፦

1️⃣ በእግር ውጨኛ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣትና በተረከዝ መካከል ያለው ጉብታ ሲጫኑት ካመመ
2️⃣ ከውስጠኛው ጉብታ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ፣ የእግር ቅስት አናት ላይ ያለው አጥንት ሲጫኑት ካመመ
3️⃣ አሁንም እነዚያ አራት እርምጃዎች ካልተቻሉ

"አራት እርምጃ" ሲባል እያነከሱም ቢሆን ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ በቀኝ፣ ሁለት ጊዜ በግራ ክብደት መጣል ነው። ለምን የኋላ ጠርዝ? ከፊት ለፊት የሚያመው ብዙ ጊዜ ጅማቱ ስለሆነ ነው። በኋላ ጠርዝ ግን አጥንቱን ለይቶ መንካት ይቻላል።

⚠️ መመሪያው የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ። የሰከረ ሰው፣ ሌላ ከባድ ጉዳት ያለበት፣ ራሱን በደንብ የማያውቅ ሰው፣ እግሩ በስኳር ምክንያት የደነዘዘ ሰው "ያመኛል ወይስ አያመኝም" ብሎ በትክክል መመለስ አይችልም። ትንንሽ ልጆችም እንዲሁ፤ በዚያ ላይ የሕፃናት አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ለእነዚህ ሐኪሙ ራጅ ለማዘዝ አያመነታም።

ሌላው የሚረሳ ነገር፦ ጥሩ መርማሪ እጁን ወደ ላይ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል እስካለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ድረስ ይወስዳል። ቁርጭምጭሚቱ ሲጠመዘዝ ይህ አጥንት እዚያ ላይ ሊሰበር ይችላልና። ታማሚው ግን የሚያሳየው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ነው።

📌 ደረጃ 4፦ ደምና ነርቭ

ሐኪሙ የእግር ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ጉብታ ኋላ የደም ስር ምት ይፈልጋል። የጣት ጥፍር ተጭኖ ሲለቅ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ መመለሱን ያያል። ጣቶች መንቀሳቀሳቸውንና ሲነኩ መሰማቱን ይጠይቃል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እግር የሚያድነው ግን ይህ ነው።

📌 ደረጃ 5፦ ጅማቶቹን መፈተን

ስብራት ከሌለ የጅማቶቹ ተራ ነው። ሐኪሙ ቅልጥሙን በአንድ እጁ ይዞ ተረከዙን በሌላው ወደ ፊት ይስባል። ከደህናው እግር በላይ ከተሳበ የፊተኛው የውጭ ጅማት ተበጥሷል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ በመጀመሪያው ቀን ብዙም አይጠቅምም። እብጠቱና ሕመሙ ጡንቻውን ያደነድኑታል። ከአራትና አምስት ቀን በኋላ ሲደረግ ነው እውነቱን የሚናገረው። ስለዚህ ሐኪም "ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስ" ሲል ሊያመላልሳችሁ አይደለም።

ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች መሀል ቅልጥም ላይ ጨመቅ ሲያደርግ ታች ቁርጭምጭሚቱ ካመመ ደግሞ ላይኛው ጅማት ተጎድቷል። ይህኛው ከተራ ወለምታ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና።

📌 "ወለምታ ነው" ተብለው የሚታለፉ አራት ጉዳቶች

🔴 የተረከዝ ጅማት መበጠስ። እሁድ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ፣ በሥራ ቀን ወንበር ላይ የሚውሉ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ላይ ይበዛል። "ከኋላዬ የተመታሁ መስሎኝ ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም" ይላሉ። አደገኛው ነገር ሰውየው መራመድም፣ እግሩን ማንቀሳቀስም ሊችል ይችላል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ታማሚው በሆዱ ይተኛል፤ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ባቱ ይጨመቃል። ደህና ከሆነ እግሩ ወደ ታች ይነቃነቃል። ጅማቱ ከተበጠሰ ዝም ይላል። ሁለቱንም እግር ማወዳደር ነው። ሕመምና መበጠስ ግን ይለያያሉ። ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ያሸነፈው የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ነበር፤ ያ መታመም እንጂ መበጠስ አልነበረም። የተበጠሰ ጅማት ከሳምንታት በኋላ ሲታወቅ ሕክምናው ይከብዳል።

🔴 የትንሿ ጣት መነሻ አጥንት ስብራት። ልክ እንደ ወለምታ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይመጣል። ሁሉም ሰው ቁርጭምጭሚቱን ሲያይ ከታች ያለውን ጉብታ የሚዳስስ ይጠፋል። ከጉብታው ትንሽ ወደ ፊት ያለው ቦታ የደም አቅርቦቱ ደካማ ስለሆነ ስብራቱ ቶሎ አይጠግንም።

🔴 የመሀል እግር መላቀቅ። እግር ቦይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲጠመዘዝ፣ ወይም ከባድ ዕቃ ሲወድቅበት ይከሰታል። ተኝቶ የተነሳ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ውስጥ እግሩ ከጠቆረና በጣት ጫፍ መቆም ካልተቻለ ሐኪሙ ቆሞ የሚነሳ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይጠይቃል።

🔴 የተረከዝ አጥንት ስብራት። ከመሰላል ወይም ከሕንፃ መወጣጫ እንጨት ላይ ወድቀው በእግራቸው ያረፉ የግንባታ ሠራተኞች ላይ የሚታይ ነው። እዚህ ላይ ጀርባቸውም ይመረመራል፤ ያው ኃይል ወደ ላይ ሄዶ አከርካሪውን ሊሰብር ይችላልና። "ወገቤን ትንሽ አሞኛል" ካለ አታንቀሳቅሱት።

በተጨማሪም የስኳር ታማሚ አንድ እግሩ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ አብጦ ብዙም ካላመመው "ወለም ብሎት ይሆናል" አትበሉ። የደነዘዘ እግር አጥንቱ እየፈረሰም ላያም ይችላል። ክብደት ሳይጣልበት በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ለታላቁ ሩጫ የምትለማመዱም፦ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም፣ ስትሮጡ የሚብስ፣ ስታርፉ የሚቀል ሕመም ከድካም የመጣ የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ አይታይ ይሆናል።

📌 ስለ ወጌሻ በግልጽ እንነጋገር

ወጌሻ ጋር የሚሄድ ሰው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ወረፋ የለውም፣ ቤተሰቡም ያምነዋል። ይህን እናከብራለን። ግን አንድ ነገር መደበቅ አንችልም፦ በእንጨት ወይም በሸምበቆ ተደግፎ አጥብቆ የታሰረ እግር ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያጣል፤ ደም ይቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈው መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ይሆናል። ይህን ያየ የአገራችን አጥንት ሐኪም ብዙ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ከኢትዮጵያ የወጣ ጥናት፣ ወጌሻዎችን ስለዚህ አደጋ ማሰልጠን በዚህ ምክንያት የሚቆረጠውን እግርና እጅ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ ጠብ አይደለም፤ እውቀት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ የታሰረ ሰው ካለ ማታውን ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ልጁ በሕመም እያለቀሰ እንቅልፍ ካጣ፣ "ያሰረው ሰው ይቆጣል" ሳትሉ ማሰሪያውን ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጄሶም ቢሆን እንዲህ ካደረገ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ይመለሳል።

ወለም ያለን እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትም አይመከርም። የተቀደደውን ጅማት ይበልጥ ያደማዋል። ስብራት ከሆነ ደግሞ አጥንቱን ከቦታው ያንሸራትተዋል።

📌 ወለምታ መሆኑ ከተረጋገጠ

👉 በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት እግሩን አሳርፉ፤ ከልብ ከፍ አድርጋችሁ ትራስ ላይ አኑሩት።
👉 በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ደጋግማችሁ ያዙበት። በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግ። የሙቅ ውሃ ዘፍዛፊና አልኮል ይቆዩ።
👉 የሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ ጥፍር ተጭናችሁ ቀለሙ መመለሱን እዩ። ማታ ስትተኙ አላሉት።
👉 ለሕመሙ ፓራሲታሞል ጥሩ መነሻ ነው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ።
👉 ሕመሙ ሲቀል መንቀሳቀስ ጀምሩ። ለሳምንታት መተኛት ቁርጭምጭሚቱን ያደርቀዋል። እግራችሁን አንሥታችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ "ሀ ሁ ሂ" እያላችሁ ፊደል ቁጠሩ። ቀጥሎ ግድግዳ ይዛችሁ በጣት ጫፍ መነሳት። በመጨረሻም በአንድ እግር መቆም፤ ቡና እስኪፈላ እንኳ ተለማመዱት።

ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። አንዴ ወለም ያለ እግር በድጋሚ ወለም የማለት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ምክንያቱም ጅማቱ ሲጎዳ "እግሬ አሁን እየታጠፈ ነው" ብሎ ለአእምሮ የሚናገረው ስሜትም አብሮ ይጎዳል። ሚዛን መለማመድ ይህን ስሜት ይመልሳል።

ቀላል ወለምታ በአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይሻላል። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ከሳምንት በኋላም ክብደት መጣል ካልቻላችሁ፣ እብጠቱ ካልቀነሰ፣ ወይም እግራችሁ እየከዳችሁ ከሆነ ተመለሱና ታዩ። ባት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ።

📌 በአጭሩ

የጉብታዎቹን የኋላ ጠርዝ፣ የትንሿ ጣት መነሻን፣ የቅስቱን አናት ዳስሱ፤ አራት እርምጃ ሞክሩ፤ የጣቶቹን ቀለምና ሙቀት እዩ፤ ከኋላ የተመታ ከመሰላችሁ ባቱ ተጨምቆ ይመርመር። ሾላም ሆነ ሌላ ገበያ ስትወጡ፣ በተለይ ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ ነጠላ ጫማውን ትታችሁ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ። ሸክሙንም በሁለት ጊዜ አድርጉት፤ የተጨናነቀ እጅ ሲወድቁ አይደግፍም።

ይህ ጽሑፍ ለእውቀት ነው እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። እቤቱ ውስጥ እግሩ የታሰረ ሰው ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ዛሬውኑ አካፍሉት።